«አልበላም» ሲለኝ «ያመኛል» ማለቱ ነበር፦ ልጄና የምግብ ቧንቧ ፈንገስ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን የምጽፍላችሁ ልጄ አሁን ደህና ሆኖ አጠገቤ እየተጫወተ ነው። ግን ከዚህ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ያየነውን እኔ አውቀዋለሁ፣ ከዛ ውስጥ ደሞ ግማሹ በኔ ስህተት የመጣ ስለሆነ ቢያንስ እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው። ልጄን ያመመው ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ነው፣ ያውም አፉ ላይ ብቻ ሳይሆን ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ በሚወርደው የምግብ ቧንቧ ውስጥ። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ ፈንገስ ማለት ቆዳ ላይ የሚወጣ ወይ ጨቅላ ሕፃን ምላስ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ነገር ነበር የሚመስለኝ፣ እዛ ውስጥ ድረስ ይገባል ብሎ ማን ያስባል።

ልጄ ያኔ 4 ዓመቱ ነበር። አስም አለበት፣ ለሱም ጠዋትና ማታ ስቴሮይድ (የአየር ቧንቧ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ኢንሄለር፣ ማለት በአፍ የሚሳብ መንፊያ፣ ከጀመረ 5 ወር ገደማ ሆኖት ነበር። በዛ መሀል ደግሞ አንዴ ጆሮውን አንዴ ሳንባውን ታሞ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ አንቲባዮቲክ ወስዷል። ይሄን መጀመሪያ ላይ የምነግራችሁ በኋላ ላይ ወሳኙ ነገር እሱ ሆኖ ስለተገኘ ነው፣ ያኔ ግን እኔ እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ አድርጌ አስቤያቸው አላውቅም፣ አስሙ ለብቻ ጆሮው ለብቻ አለመብላቱ ለብቻ ነበር።

አለመብላቱ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ዳቦ ተወ። ከዛ ሥጋ። ከዛ ብርቱካን ጭማቂ አንድ ጊዜ ጠጥቶ እሪ ብሎ አለቀሰና ከዛ በኋላ ብርጭቆውን ሲያይ ራሱ ይሸሽ ጀመር። እኔ ምን አልኩ? ተሞላቀቀ አልኩ። እናቴም «ልጅ ነው፣ ሲርበው ይበላል፣ ተይው» አለችኝ፣ ጎረቤት ደግሞ «አስለምደሽው ነው፣ ጨከን በይ» አለች፣ እኔም ጨከንኩ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እጁን ይዤ፣ በማንኪያ አፉ ውስጥ እየከተትኩ «ዋጥ!» እያልኩ የጮህኩበት ቀን አለ። አሁን ሳስበው የሚያመኝ ይሄ ነው። ቁስል ላይ ምግብ እየገፋሁ ነበር እኮ። ልጅ ድሮ ይወደው የነበረውን ምግብ በአንዴ ሲጠላ፣ በተለይ ርቦት እየጠየቀ ሲቀርብለት ደግሞ የሚያለቅስ ከሆነ፣ እባካችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት እያመመው ይሆን ብላችሁ ጠይቁ። ርቦት የማይበላ ልጅና ሳይርበው የማይበላ ልጅ ይለያያሉ፣ እኔ ልዩነቱን ሳላየው ሦስት ሳምንት አለፈ።

ሁለተኛው ስህተቴ ጉሮሮውን ነው ብዬ ለራሴ ወስኜ ቤት ውስጥ ተርፎ የነበረ አንቲባዮቲክ መስጠቴ ነው። ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ፈንገስን ምንም አያደርገውም፣ እንደውም አፍና አንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሲያጠፋቸው ለፈንገሱ ሜዳውን ይለቅለታል። ሰጠሁት፣ አራት ቀን፣ እየባሰበት መጣ። ቀጥሎ ምላሱ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። በጨርቅ ስጠርገው አልለቅ ብሎ ትንሽ ደማ፣ ያኔ ነው ደንግጬ ጤና ተቋም የወሰድኩት።

እዛ ያዩት ሐኪም የአፍ ፈንገስ ነው ብለው ኒስታቲን የሚባል ጠብታ አዘዙልን፣ በቀን አራት ጊዜ። ምላሱ በሳምንት ውስጥ ጠራ። እኔ ደስ አለኝ፣ አለቀ ብዬ አሰብኩ። ግን ልጁ አሁንም አይበላም! እና ይሄ ነው ያዘናጋኝ፣ አፉ ንጹሕ ስለሆነ ፈንገሱ ጠፍቷል ብዬ ስለደመደምኩ አለመብላቱን እንደገና ወደ ጠባይ መለስኩት። አፍ ንጹሕ ሆኖ የምግብ ቧንቧው ግን በፈንገስ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር፣ ለዛ ነው እኔ የምነግራችሁ።

አንድ ማታ ውሃ ጠማኝ አለኝ። ሰጠሁትና ዝም ብዬ አየሁት። ጎንጨት አደረገና ውሃውን ጉንጩ ውስጥ ያዘው፣ አይዋጥም፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን ወደ ጎን ዘመም አደረገ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ፣ ከዛ ዋጠው። ሲወርድ እጁን ደረቱ መሀል ላይ አድርጎ ጫን አደረገው። «እዚህ ጋ ይወጋኛል» አለኝ። ጉሮሮውን አይደለም ያሳየኝ፣ ደረቱን ነው። የሚጠጣው ውሃ እኮ ነው፣ ውሃ ማን ይጠላል? ያን ቀን ሌሊት አልተኛሁም፣ ጠዋት ስመዝነው 16 ኪሎ ተኩል የነበረው ልጅ 14 ከ800 ሆኗል።

በዚህ ጊዜ ነው ሌላ ሐኪም ጋር የሄድነው፣ ከዛም የልጆች የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ጋር ተላክን። ዶክተሯ ገና ሳትነካው የጠየቀችኝ «የሚያለቅሰው ምግቡን ሲያይ ነው፣ ሲያኝክ ነው ወይስ ሲውጥ?» ብላ ነው። ሲውጥ አልኳት። «ፈሳሽም ጭምር?» አዎ። «የት ነው የሚይዘው?» ደረቱን። ከዛ የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ፣ ኢንሄለሩንም አንቲባዮቲኩንም፣ እኔ በራሴ የሰጠሁትንም አፍሬ ነገርኳት። እባካችሁ እናንተም አትደብቁ፣ ያ መረጃ ነው መንገዱን ያሳያት። ስትሄዱ የመድኃኒቶቹን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሲውጥ የሚያሳየውን ነገር ደግሞ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት፣ ልጅ ሐኪም ፊት ሲሆን ላያሳይ ይችላል። ከሕፃን ጋር ከሆናችሁ ደግሞ ደረቴን አመመኝ አይልም፣ ጡት ወይ ጡጦ ይዞ ሁለቴ ጠብቶ ወደ ኋላ እየተለጠጠ ማልቀስ፣ ለሃጭ መብዛት፣ ማስታወክ፣ ኪሎ አለመጨመር ነው የሚታየው።

ዶክተሯ እንዳስረዳችኝ ካንዲዳ በአብዛኞቻችን አፍና አንጀት ውስጥ አለ፣ ምንም ሳያደርገን ይኖራል። ችግር የሚሆነው የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ወይም የአካባቢው ሚዛን ሲዛባ ነው። ስለዚህ የምግብ ቧንቧ ፈንገስ ጤነኛ ልጅ ላይ ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ሲገኝ «ለምን መጣ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። የካንሰር ሕክምና የሚወስዱ፣ ኤችአይቪ ያለባቸው፣ ስኳር ያለባቸው፣ ስቴሮይድ የሚወስዱ፣ ረጅም ጊዜ አንቲባዮቲክ የወሰዱ፣ ወይ ከውልደት ጀምሮ የመከላከያ አቅማቸው ጎዶሎ የሆነ ልጆች ላይ ነው በብዛት የሚታየው። ወንድም እህቶቹ ላይ ይተላለፋል ወይ ብዬም ጠይቄ ነበር፣ ጤነኛ ልጆች በዚህ አይያዙም፣ ማግለል አያስፈልግም አለችኝ።

አንዳንዴ አፉ ላይ ፈንገስ እየታየ ሲውጥ የሚያመው ከሆነ ካሜራ ሳያስገቡ ቀጥታ መድኃኒቱን ጀምረው ለውጡን ያያሉ። የኔ ልጅ ግን አፉ ጠርቷል፣ ደሞ ተመሳሳይ ሕመም የሚያመጡ ሌሎች ነገሮች አሉ፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ፣ የምግብ ቧንቧ አለርጂ፣ የሄርፐስ ቫይረስ፣ ስለዚህ ኢንዶስኮፒ (በቀጭን ቱቦ ካሜራ አስገብቶ ውስጡን ማየት) ይሠራለት ተባለ። ማደንዘዣ የሚለውን ስሰማ እግሬ ነው የተንቀጠቀጠው። እና እዚህም ተሳሳትኩ፦ በባዶ ሆዱ ይምጣ ተብሎ እያለ ጠዋት ሲያለቅስ አሳዝኖኝ ሁለት ጉንጭ ወተት ሰጠሁት። ስናገር ቀጠሮው ወደ ሚቀጥለው ቀን ዞረ። ተናድጄ ነበር ግን ልክ ናቸው፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወተት ንጹሕ ፈሳሽ አይባልም፣ እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው። ምን መቼ ማቆም እንዳለበት በሰዓት አስጽፉ፣ ከተሳሳታችሁ ደግሞ ተናገሩ፣ አትደብቁ።

ሥራው ራሱ ከፈራሁት በጣም ያጠረ ነው። ተኛ፣ ወሰዱት፣ ብዙም ሳይቆዩ መለሱት። ዶክተሯ ፎቶውን አሳየችኝ፣ ሮዝ መሆን የነበረበት ቧንቧ ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የረጋ ወተት ፍርፋሪ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎበታል፣ በውሃ ሲያጥቡት አይለቅም፣ በለቀቀበት ቦታ ደግሞ ሥሩ ቀይ ሆኖ ተልጧል። በዛ ላይ ነው እኔ ደረቅ ዳቦ «ዋጥ» ስለው የነበረው። ትንሽ ናሙና ወስደው ባዮፕሲ አሠሩ፣ እሱም ፈንገሱን አረጋገጠ፣ አለርጂና ሄርፐስ አለመሆኑንም አሳየ።

መድኃኒቱ ፍሉኮናዞል ነው። ጠብታው ለምን እንዳልሠራ ያኔ ገባኝ፣ ኒስታቲን የሚሠራው የነካው ቦታ ላይ ነው፣ ወደ ደም አይገባም፣ አፍ ውስጥ ቆይቶ ይሠራል፣ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ግን በሰከንዶች ተንሸራቶ ያልፋል። ለምግብ ቧንቧ በደም በኩል የሚሠራ መድኃኒት የግድ ነው። የሚታዘዘው በልጁ ኪሎ ተሰልቶ በቀን አንድ ጊዜ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ከፍ ያለ መጠን ይሰጣል። ፈጽሞ መዋጥ ለማይችል ልጅ በደም ሥር የሚሰጥም አለ፣ ፈንገሱ ፍሉኮናዞልን የሚቋቋም ዓይነት ሆኖ ከተገኘም ሌሎች መድኃኒቶች አሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሽሮፑ የሚመጣው በዱቄት መልክ ሆኖ በውሃ የሚበጠበጥ ነው፣ ጥንካሬውም አንድ ዓይነት አይደለም። በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ያለው አለ፣ 40 ሚሊግራም ያለውም አለ። የሌላ ሰው ልጅ 4 ሚሊ ነው የሚወስደው ብላችሁ ብትሰጡ አራት እጥፍ ልትሰጡት ትችላላችሁ ማለት ነው። በማንኪያ ሳይሆን በሲሪንጅ ለኩ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ብልቃጡን በደንብ ነቅንቁት፣ ዱቄቱ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ስንት ቀን እንደሚቆይም ጠይቁ። የኛ 14 ቀን ነበር፣ ሕክምናው ግን ከዛ ይረዝማል፣ ስለዚህ ሁለተኛ ብልቃጥ ያስፈልግ ነበር። ልጃችሁ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም፣ በተለይ የሚጥል በሽታ ወይ የልብ መድኃኒት፣ ፍሉኮናዞል ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

በሦስተኛው ቀን ወተት ፊቱን ሳያጨማድድ ጠጣ። በአምስተኛው ቀን «ዳቦ ስጪኝ» አለኝ፣ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እስከዛ ድረስ ያቆየነው ቀዝቀዝ ባለ ለስላሳ ነገር ነው፣ እርጎ፣ የተፈጨ ሙዝ፣ የቀዘቀዘ ሾርባ፣ በትንሽ በትንሹ በየሁለት ሰዓቱ። ትኩስ፣ ኮምጣጣ፣ ቅመም የበዛበትና ጠርዝ ያለው ደረቅ ምግብ አይሰጥም። ማባበልና መለማመጥ ትቼ አጠገቡ አስቀምጬለት እሄድ ነበር፣ ከኔ ጋር ያለው ፍርሃት ሲለቀው ነው እጁ መዘርጋት የጀመረው። ሕመሙ ከጠፋ በኋላም ልጅ መዋጥ መፍራቱን ቶሎ አይተውም፣ ታገሱት።

ከዛ ትልቁን ስህተት ሠራሁ። በ9ኛው ቀን ልጁ ይበላል፣ ይሮጣል፣ መድኃኒቱን ደግሞ ጣዕሙን ጠልቶት ይታገለኛል፣ እኔም ድኗል ለምን በኬሚካል አስጨንቀዋለሁ ብዬ አቆምኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ እጁ ወደ ደረቱ ስትሄድ አየኋት። አገረሸበት። ዶክተሯ አልተቆጣችኝም፣ ግን ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ፦ ሕመሙ የሚጠፋው በቀናት ውስጥ ነው፣ ፈንገሱ ግን ገና እዛው ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ 3 ሳምንት፣ ደግሞም ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 2 ሳምንት መቀጠል አለበት። በሁለተኛው ዙር ቀን መቁጠሪያ ፍሪጅ ላይ ለጥፈን እሱ ራሱ በእርሳስ ይሰርዝ ነበር፣ መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ መሰረዝ የሱ ሥራ ሆነ፣ ትግሉም ቀረ። መሀል ላይ የጉበት ምርመራ አሠሩለት፣ ደህና ነበር።

ምክንያቱን ፍለጋ ብዙ ደም ተወሰደ፣ የደም ቆጠራ፣ ስኳር፣ የመከላከያ አቅም፣ ኤችአይቪም። የመጨረሻውን ስሰማ ተናደድኩ፣ እንዴት ትጠረጥሩናላችሁ አልኩ። አሁን ግን ሌላ ወላጅ እንደኔ ቢናደድ እጁን ይዤ የምለው፣ ይሄ ስድብ አይደለም። የምግብ ቧንቧ ካንዲዳ በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከኤችአይቪ ደረጃ 4 (የመጨረሻውና ከባዱ ደረጃ) ምልክቶች አንዱ ነው፣ ሐኪም ካልጠየቀ ነው ጥፋቱ። ቢገኝም ሕክምና አለው፣ መከላከያው ሲያገግም ፈንገሱም መመላለሱን ይተዋል፣ ሳይታወቅ መቆየት ነው የሚጎዳው። የኛ ነፃ ሆነ፣ ሌላውም ሁሉ ደህና ነበር።

ታዲያ ምንድነው? ዶክተሯ ኢንሄለሩን አውጥታ «እቤት እንደምትሰጪው አድርገሽ አሳዪኝ» አለችኝ። አሳየኋት። አፉን ክፈት አልኩት፣ ቀጥታ አፉ ውስጥ ሁለቴ ጫንኩት፣ ጭሱ ምላሱና የጉሮሮው ጀርባ ላይ ሲያርፍ ይታያል፣ ግማሹም በአፉ ተመለሰ። «ከዛስ?» አለችኝ። ከዛ ይተኛል አልኳት። ዝም አለች። ያ ሁሉ ስቴሮይድ ሳንባው ሳይደርስ አፉና ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ከምራቁ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ወደ ምግብ ቧንቧው ሲወርድ ነበር፣ አንቲባዮቲኩ ሲጨመርበት ደግሞ ለፈንገሱ ተመቻቸ።

እኔ ይሄን ስሰማ ምን አደረግኩ፣ እቤት እንደገባሁ ኢንሄለሩን አቆምኩ። በአራተኛው ሌሊት ደረቱ እያፏጨ፣ ጎድኑ ወደ ውስጥ እየገባ ድንገተኛ ክፍል ገባን። እባካችሁ፣ ፈንገስ በሚገባ ይታከማል፣ አስም ግን በሰዓታት ውስጥ ልጅ ሊነጥቅ ይችላል፣ ሐኪም ሳያማክሩ ማቆም የለም። መፍትሔው ማቆም ሳይሆን አሰጣጡን ማስተካከል ነበር። አሁን ስፔሰር የሚባለውን ባዶ ቱቦ እንጠቀማለን፣ ኢንሄለሩ ይናጣል፣ ማስኩ አፍና አፍንጫው ላይ በደንብ ይገጠማል፣ አንዴ ብቻ ይጫናል፣ ቀስ ብሎ 5 ወይ 6 ጊዜ ይተነፍሳል፣ ሁለተኛ ካለ እንደገና ከመጀመሪያው። ወዲያው በውሃ ተጉመጥምጦ ይተፋል፣ ጥርሱን ይቦርሻል፣ ማስኩ የነካው ፊቱ ይታጠባል። መጉመጥመጥ የማይችል ትንሽ ልጅ ከሆነ ውሃ ይጠጣ፣ አፉን በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉለት። ስፔሰሩን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ ሳትወለውሉት በራሱ ይድረቅ። አስሙ ሲረጋጋም መጠኑ ዝቅ ይል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፣ የኛ ከጥቂት ወር በኋላ ተቀንሶለታል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ አይሆንልኝም። ደህና የነበረ ልጅ በድንገት ለሃጩ መንጠባጠብና መዋጥ አለመቻል ከጀመረ ፈንገስ ነው ብላችሁ ቀን አትጠብቁ፣ የሰዓት ክብ ባትሪ ወይ ሳንቲም ውጦ ሊሆን ይችላል፣ ባትሪ በሰዓታት ውስጥ ቧንቧውን ይበሳል፣ ዛሬውኑ ራጅ ያስፈልገዋል። ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ደም ያስታወከ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ወይም ሽንቱ የቀነሰ፣ ሲያለቅስ እንባ የሌለው፣ የደነዘዘ ልጅም እንደዛው፣ ቀጠሮ አይጠበቅለትም። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ትኩሳት ብቻውን ይበቃል፣ ወዲያው ነው የሚኬደው።

ሁለተኛውን ዙር ከጨረሰ አሁን 8 ወር ሆነው፣ አልተመለሰበትም። ኪሎው 18 ገብቷል። ማታ ማታ ኢንሄለሩን ከጥርስ መቦረሻው ጋር አንድ ላይ ነው የምናስቀምጠው፣ እንዳይረሳ። ተጉመጥምጦ ሲተፋ እስከ አምስት እየቆጠረ ነው፣ እኔ ሳይጨርስ ብጠራው «ገና ሦስት ነው» ይለኛል።